ሰው ፊት የማያመው ሰው

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። አንዷ ገጽ ሁለት ሳምንት የፈጀችብኝ ጊዜ አለ። ስለዚህ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ባለቤቴ የሞተው በሆድ ሕመም ነው። ሕመሙ ከጀመረው ቀን አንስቶ እስኪቀበር አንድ ሳምንት አልሞላም። በመካከሉ አንድ ሰኞ ጠዋት ነበር። ያን ጠዋት ወደ ጅማ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር ብለውኛል። መኪና አልታጣም፤ መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ደጅ ቆሞ ነበር። የጠፋው "በጣም አሞታል" ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ይህን መናገር የሚችሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ እሱ ነው፤ ሌላዋ እኔ ነኝ።

ባለቤቴ በግብርና መሥሪያ ቤት የንብ ባለሙያ ነበር። አባቱ ማር ቆራጭ ነበሩ፤ ከረጅም ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ በገመድ ወጥተው የሚያወርዱ ሰው። እሱ ተማረና ለገበሬዎች የዘመናዊ ቀፎ አያያዝ ማሠልጠን ጀመረ። አንድ ጊዜ ሺሺንዳ አጠገብ ሥልጠና ሲሰጥ አብሬው ሄጄ ነበር። ቀፎው ሲከፈት ንቦቹ ተቆጡ፤ ገበሬዎቹ ወደ ቡናው ውስጥ ሮጡ፤ እኔም ነጠላዬን ተከናንቤ ሮጥሁ። እሱ ቆሞ ቀረ። አንገቱ ላይ የቀረውን መንደፊያ በጥፍሩ ጠረግ አድርጎ ጣለና "ሁለተኛው ነጥብ" ብሎ ትምህርቱን ቀጠለ። የሚሰማው ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ቡናው ውስጥ ነበርን።

ይህን ታሪክ ታላቅ ወንድሜ ቤት የተናገርሁት እኔ ነኝ። አያታችን ከሰሜን በሹመት መጥተው ቦንጋ የቀሩ ናቸው፤ ወንድሜ ደግሞ ያን ሹመት እስከ ዛሬ ትከሻው ላይ ይዞት የሚዞር ሰው ነው። ስንጋባ አንድ ዓመት ሙሉ "የማር ቆራጩ ልጅ" እያለ ነበር የሚጠራው። ታዲያ አንድ የፋሲካ ቀን፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ የሺሺንዳውን ነገር አወራሁ። ትንሽም ጨመርሁበት፤ አንዱን ንብ አሥር አደረግሁት። ወንድሜ እስኪያነባ ሳቀ። ተነሥቶም በገዛ እጁ ጠጅ ቀዳለትና "አማቼ ወንድ ነው!" አለ። ባለቤቴ ብርሌውን ሲቀበል ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ በሠርጋችን ቀን እንኳ አላየሁበትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ወንድሜ ፊት አሞት አያውቅም። የመንጋጋ ጥርሱን ባስነቀለ በማግስቱ ወንድሜ ቤት ቁጭ ብሎ ሥጋ አላምጧል። ነገሩ ቀስ በቀስ ከወንድሜ ቤት ወጣና ወደ መሥሪያ ቤቱ፣ ወደ እድሩ፣ ወደ ሰፈሩ ተዛመተ። ሰው ሲያመው "እሱን ተመልከት" ይባል ጀመር። ቤታችንም ገባ። ለኔም አይናገርም። ግን ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁና ምልክቱን አውቃለሁ፤ ሲያመው በሩ ሥር ያሉትን ጫማዎች መደርደር ይጀምራል። ጥንድ ጥንዱን፣ አፍንጫቸውን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

"አሞሃል እንዴ?" እለዋለሁ።

"ማንን? እኔን?"

በቃ፣ ይህች ነበረች መልሱ። እኔም ሳቅ ብዬ አልፋለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። የማያመው ሰው ሚስት መሆን ደስ ይላል።

ሕመሙ የጀመረው ለሥራ ደካ ሄዶ ሳለ ነው። የትውልድ አገሩ እዚያው አካባቢ ስለሆነ ሲሄድ የሚያድረው ታላቅ እኅቱ ቤት ነው። ቅዳሜ ወደ ቤት እየተመለሰ ሳለ እኅቱ ደወለችልኝ። አማርኛዋ ከገበያ የተለቀመ ነው፤ አጭር አጭር ነው የምትናገረው።

"ደረሰ?"

"ገና ነው። ምነው?"

"ሲመጣ አትጠይቂው። ብትጠይቂው ደህና ነኝ ይልሻል። ዝም ብለሽ ሐኪም ቤት ውሰጂው። ሆዱ ነው። ትናንት እኔ ጋ አለቀሰ።"

"እሱ?"

"እሱ። እንደ ሕፃን። ለአንቺ አይነግርም። እኔ ነገርኩሽ።"

ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አይደለም፤ ብጽፈው ያሳፍረኛል፣ ቅናት ነው። በእናቱ ቋንቋ፣ እኔ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ከገበያና ከሰላምታ በላይ በማልዘልቅበት ቋንቋ፣ ለእኅቱ አልቅሶ ነግሯታል። እኔ ለዓመታት "ማንን? እኔን?" ስባል የኖርሁትን እሷ በአንድ ቀን አገኘችው። ሰው ሕመሙን የሚነግረው ለማን እንደሆነ ሲታወቅ ያልተነገረውን ሰው እንዲህ እንደሚቆረቁረው አላውቅም ነበር። ስለዚህ ሲመጣ እንደነገረችኝ አላደረግሁም። ጠየቅሁት።

"እኅትህ ሆድህን አሞሃል አለችኝ።"

"የደካ መንገድ ነው፤ አንጀቴን አናወጠው" አለና ጎንበስ ብሎ ጫማዎቹን መደርደር ጀመረ። ቀና ሲል ግድግዳውን ተደግፎ ነው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። ቦንጋ ውስጥ አንድ ሰው ከቅዳሴ ከቀረ እስከ ምሳ ሰዓት ጠያቂ ይመጣል። መጡም። "ምነው ቀረህ?" "ተመስገን፣ ትንሽ ሆዴን ነው።" "ተሻለህ?" "ተመስገን።" ለሚገባው ሁሉ ይህንኑ ይላል፤ ለሚወጣው ሁሉ እኔ በሩ ላይ ይህንኑ እላለሁ። የመጨረሻዎቹ ሲወጡ ግንባሩን ዳሰስሁት፤ እሳት ነበር። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ጠርቼ ከሰፈራችን በላይ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰድሁት።

ዳገቱ መንገድ ዝናብ ቦርቡሮት ስለነበር ባጃጁ ያንገጫግጨናል። እሱ የጣሪያውን ብረት በሁለት እጁ ይዟል። ጥቂት እንደሄድን ባለ ባጃጁን "ወንድሜ፣ ቀስ በልልን። ባለቤቴ ፍርሃት አለባት" አለው።

ልጁ በመስታወቱ አየኝ። "አይዞዎት እትዬ" አለኝ።

"አዎ፣ ባጃጅ እፈራለሁ" አልሁ።

ባለቤቴ ዓይኑን ወደኔ መለስ አድርጎ አየኝ። ሕመሙን እያወቅሁ ስሸሽግለት ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እንደ ውለታ ነው የቆጠረልኝ።

ክሊኒኩ አልጋ ሰጠው፤ ጉሉኮስ ተተከለለት፤ እዚያው አደረ። ሰኞ ጠዋት ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጠያቂ ክፍሉን ሞላው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ብርቱካን ይዞ መጣ። የእድራችን ዳኛ መጡ። ሁለት ጎረቤቶቼ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው መጡ። ወንድሜም መጣ፤ ጋቢውን አስተካክሎ በእግርጌው በኩል ቆመ። እሱ ሲገባ ባለቤቴ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። ቀና ሲል የትራሱን ጫፍ እንዴት ጨምድዶ እንደያዘ እኔ ብቻ አየሁ።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ለቦንጋ አዲስ ነው መሰለኝ። ገባና ሰዉን ሲያይ "እባካችሁ፣ ለትንሽ ጊዜ ውጡልኝ" አለ።

"እኛ ቤተሰብ ነን ዶክተር" አለ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። በሽተኛን ጥሎ መውጣት ነውር ነው፤ ዶክተሩም ሁለተኛ ለመናገር አፈረ።

ሆዱን ጫን እያደረገ "እዚህ ያምዎታል?" ይለዋል። "ብዙም አይደለም።" "እዚህስ?" "ኧረ ምንም።" ዶክተሩ እጁን አንሥቶ ቆመ። ፊቱ ላይ ያልጣመው ነገር ይነበባል።

"ጋሼ፣ በደንብ ይስሙኝ። ትኩሳት አለዎት፤ ሆድዎ ግን ግልጽ አልሆነልኝም። በአራት ሰዓት አንዲት ወላድ ወደ ጅማ የሚወስድ መኪና አለን፤ አብረው መሄድ ይችላሉ። የሚወስነው ሕመምዎ ነው። ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ይስጡኝ። ዜሮ ምንም አያመኝም ነው። አሥር ከዚህ በላይ ሕመም የለም ነው። ስንት ነው?"

"አሥርማ ምጥ ነው!" አለች አንዷ ጎረቤቴ። ሴቶቹ ሳቁ።

"ዶክተር፣ ይህን ሰውዬ አታውቀውም" አሉ የእድሩ ዳኛ። "ንብ ነድፎት ንቡ ነው የሞተው!"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ባለቤቴም ፈገግ አለ። ወንድሜን አየት አደረገና "ሁለት" አለ።

"ሁለትም የትሕትና ነው" አለ ወንድሜ።

ዶክተሩ አልሳቀም። ወደኔ ዞረ። "እርስዎስ እናቴ? ቤት ውስጥ እሳቸው እንዴት ነበሩ? ከትናንት ወዲህ እንዴት ያዩዋቸዋል?"

እዚህ ላይ ስደርስ ነው እስክሪብቶውን አስቀምጬ የምነሣው፤ ብዙ ቀን ተነሥቻለሁ። እኅቱ በስልክ የነገረችኝ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። የትራሱን ጫፍ የያዘው እጅ ዓይኔ ሥር ነበር። ባለቤቴ ያየኝ ነበር፤ ባጃጁ ውስጥ ያየኝን አስተያየት። ወንድሜ ያየኝ ነበር። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ይጠብቅ ነበር። ከአፌ የወጣውን እኔ አላዘጋጀሁትም። ከትናንት ጀምሮ ለጠያቂ ሁሉ ስለው የዋልሁት ነው የወጣው።

"ተመስገን ዶክተር። ከትናንት ዛሬ ይሻለዋል።"

ሐኪም ጠያቂ አይደለም። ሐኪም "እንዴት ነው?" ሲል ሊያጽናናን አይደለም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም ብዬ አላመካኝም፤ ማንበብና መጻፍ የምችል ሴት ነኝ። ግን እኛ ለዚያ ጥያቄ ከአንድ በላይ መልስ ኖሮን አያውቅም። ልጅ ሲሞትብን እንኳ "እንዴት ናችሁ?" ላለን "ተመስገን" ነው የምንለው። ዶክተሩ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ሁለት ብሎ እንደጻፈ፣ "ባለቤት፦ ይሻለዋል" ብሎ እንደጻፈ አልጠራጠርም። "እንግዲያው እዚሁ እንከታተላቸዋለን" ብሎ ወጣ።

በአራት ሰዓት መኪናው ሲነሣ በመስኮቱ ሰማሁ። ወላዷ እየጮኸች ነው የወሰዷት። አንድ ጎረቤቴ "ምስኪን" አለች። ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ የመኪናውን ድምፅ ቁልቁለቱን ወርዶ እስኪጠፋ ያዳምጥ ነበር። ከንፈሩ ነጥቷል።

እኩለ ቀን ላይ ግን ለቀቀው።

በአንድ ጊዜ ነው። ጠያቂዎቹ ለምሳ ሄደው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ድንገት ትንፋሹ ተቋረጠ፤ ትራሱን ለቀቀ፤ ዓይኑን ገልጦ ጣራውን አየ። "ሄደ" አለኝ።

"ምኑ?"

"ሕመሙ። የለም። ጭራሽ የለም።"

አለቀስሁ። ተንበርክኬ አመሰገንሁ። አጥሚት አቀመስሁት፤ ሁለት ጉንጭ ጠጣ። ከሰዓት የመጡት ጠያቂዎች ሁሉ ደስ አላቸው። ወንድሜ "እኔስ ምን ብያችሁ ነበር!" አለ። ኃላፊው ብርቱካን ልጦ ለሰዉ አደለ። ክፍሉ የእንኳን ደስ ያለህ ቤት መሰለ። ዝናቡ መጥቶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናወራ ነበር። በዚያ ሁሉ መካከል ባለቤቴ ዝም ብሎ ተኝቷል፤ ግንባሩ ላይ ላብ አለ፤ ላቡ ግን ቀዝቃዛ ነው። እጁን ስይዘው ከዝናብ የገባ ሰው እጅ ይመስላል። ብርድ ልብስ ጨመርሁለት። ለቀቀው፣ ደከመው፣ እንቅልፍ ነው አልሁ።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ለእኅቱ ደወልሁ። "ለቀቀው! ተሻለው!" አልኋት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልሁ።

"እንዴት ለቀቀው? ቀስ ብሎ?"

"የለም፣ በአንድ ጊዜ። ጭራሽ የለም አለኝ።"

"እንዲህ ያለ አልወድም" አለች። "በአንዴ የሚለቅ አልወድም። ሐኪሙን ጥሪው። ሐኪሙን አሁን ጥሪው።"

ተናደድሁባት። ደስታዬን የቀማችኝ መሰለኝ። ሐኪሙን አልጠራሁም፤ ሰው እንዳይሰማኝና "ምን ሆና ነው የምታሟርተው" እንዳልባል።

ማክሰኞ ጠዋት ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቆ ነበር። ዶክተሩ እጁን አሳርፎ ወዲያው አነሣው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ለማንም ምንም ሳይል ወጣ፤ ኮሪደሩ ላይ በስልክ ሲጮህ ሰማሁት። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቷል የሚለውን ቃል የሰማሁት ያኔ ነው፤ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሕመሙ የለቀቀው ለዚያ እንደሆነም ቆይተው ነው ያስረዱኝ። መኪናው ከጅማ ተመልሶ ነበር። ጭነን ወጣን።

ከኋላ እሱና እኔ ነን፤ አንዲት ነርስም አለች። ነርሷ ከፊት ከሹፌሩ ጋር ነበረች። ጉም መንገዱን ዘግቶታል፤ ሹፌሩ በየመታጠፊያው ጥሩንባ ይነፋል፣ ከጉሙ ውስጥ ሌላ ጥሩንባ ይመልስለታል። ጠያቂ የለም። ወንድሜ የለም። ባለቤቴ ከንፈሩ ደርቆ በጣቱ ጠራኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ትናንት ያ ልጅ የጠየቀኝ ቁጥር" አለ።

"እሺ።"

"አሥር ነበር።"

"አውቃለሁ" አልሁት። "ዛሬስ?"

"ዛሬማ አያመኝም።" ሳይጨርሰው የሚተኛ መሰለኝ። "ያን ሁሉ ሰው ፊት ስላላዋረድሽኝ እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ።

እጁን ሳምሁት። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ቢሰድበኝ፣ "ለምን አልተናገርሽም?" ቢለኝ፣ ዛሬ የምይዘው ነገር ይኖረኝ ነበር። አመሰገነኝ። ጅማ ደርሰን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በማግስቱ አረፈ።

ለቅሶው ትልቅ ነበር። ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰው መንገዱ ላይ ቆመ። ቁጭ ብሎ የሚያወራው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ "አንድ ቀን አመመኝ ሳይል ሄደ።" "ጎበዝ ነበር።" "እንዲህ ያለ ሰው አሁን የት ይገኛል?" ወንድሜ ይህን ለእያንዳንዱ ለቀስተኛ እየደገመ ሲናገር፣ ሲያለቅስም፣ አየሁት፤ ለቅሶው እውነተኛ ነው፣ ይወደው ነበር። ለኔ ደግሞ "ጠንክሪ፣ እሱ ቢያይሽ ይታዘብሻል" ይሉኛል። ደረቴን ቋጥኝ የተጫነው ያህል ያመኝ ነበር። ግን አየሁ፤ ያን ጠዋት እሱ ላይ ያደረግነውን አሁን እኔ ላይ እያደረጉት ነው፤ እኔም እንደሱ ፈገግ እያልሁ ነው።

እኅቱ ከደካ ስትደርስ አጠገቤ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ጆሮዬ ሥር "ለሐኪሙ ነገርሽው?" አለችኝ።

"ነገርሁት" አልሁ።

ይህን ውሸት ስድስት ወር ተሸከምሁት። ባለፈው ወር ግን አልቻልሁም፤ አውቶቡስ ይዤ ደካ ሄድሁ። እኅቱ ጓሮዋ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ የእንሰት ግንድ በቀርከሃ ትፍቅ ነበር። "በዚህ ዝናብ ምን አመጣሽ?" አለችኝ። ሁሉንም ነገርኋት። ሁለት ማለቱን፣ ሳቁን፣ የተጠየቅሁትን፣ የመለስሁትን፣ መኪናው ሲሄድ ዝም ማለቴን። መፋቋን አላቆመችም። ጨርሼ ስጠብቅ አንድ ግንድ ፈቅፍቃ ጨረሰችና ሌላ አነሣች።

ከብዙ ጊዜ በኋላ "ወንድምሽ አሁንም ጎበዝ ነበር ይላል?" አለችኝ።

"ይላል።"

"እድሩም?"

"ሁሉም።"

ቀርከሃውን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ የሱ ዓይን ነው። "አሞት ነው የሞተው" አለች። "በጣም አሞት። ንገሪያቸው። የማያመው ሰው ብለው የሚያለቅሱለት ሰው የኔ ወንድም አይደለም። የኔ ወንድም ያመዋል። እኔ ጋ አልቅሷል። እስክትነግሪያቸው ቤቴ አትምጪ።"

ከዚያ መፋቋን ቀጠለች። ወደ አውቶቡሱ ብቻዬን ወረድሁ።

ይህን የጻፍሁት ለዚህ ነው። በአፌ ስሞክር ከአፌ የሚወጣው ሌላ ነው፤ አንድ ጊዜ አምኜው ምን እንዳደረገ አይቻለሁ። ወንድሜ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣል። ሲመጣ እንደ ልማዱ የባለቤቴ ፎቶ ሥር ቁጭ ይላል፤ ስለ ንቡ ያነሣል። ያኔ እነዚህን ገጾች እሰጠዋለሁ። መነጽሩን ሲፈልግ፣ አንዷን ገጽ ሲጨርስና ወደ ሁለተኛዋ ሲገባ እዚያው ፊቱ እቀመጣለሁ። ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ከቤቴ ወጥቶ ሁለተኛ ላይመለስ ይችላል፤ እሱን ካጣሁ ቦንጋ ውስጥ የሥጋ ዘመድ አይቀረኝም። ዛሬ ዓርብ ነው።